ተራ ቁጥር ሃምሳ ሰባት

ትልቅ ሰው የሆንኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያውም ለግማሽ ቀን። ጠዋት የእናቴን ነጠላ ለብሼ ከአዋቂዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፣ ስም ሲጠራ "አቤት" አልኩ፣ እጄን አወጣሁ፣ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ወረቀት ላይ አተምኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሼ ልጅ ሆንኩ። አባቴ ጓሮ ወስዶ ያንኑ ጣቴን በአመድና በአሸዋ እስኪላጥ ፈተገኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ያን ቀን ሳስበው ደጉ ሰው የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር፣ ክፉው አባቴ። ካደግኩ በኋላ ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ ጠርጥሬያለሁ፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። በእኛ ቤት የሚያም ነገር አይጠየቅም።

መንደራችን መንደር አርባ ይባላል፤ ከኢታንግ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ስም እንኳ አላወጡለትም። ደርግ ከወሎ በመኪና ጭኖ አመጣንና ቁጥር ሰጥቶ አራገፈን። እኔ የመጣሁት በእናቴ ጀርባ ላይ ነው። እናቴ እሙዬ አድማሱ ትባላለች። ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ወባ ወሰዳትና ፊቷን አላስታውሰውም። ከእሷ የቀረን ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አንድ ጥለት ያለው ነጠላ ነበር፤ አባቴ በዓመት አንዴ ያወጣና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ መልሶ ያጥፈዋል፣ እኔን አያስነካኝም። ስሟንም አያነሳም።

ደርግ ሲወድቅ ከመንደሩ ሰው ከግማሽ የሚበልጠው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። የቀረነው ወይ መሄጃ የሌለን ነን፣ ወይ እንደ አባቴ እዚህ መቃብር ያለን። መንግሥት ተለወጠ፤ ምድሩ ክልል አስራ ሁለት ተባለ፤ ቀበሌው በር ላይ የነበረው ቀይ ኮከብ በኖራ ተለሰነ። መዝገቡ ግን አልተለወጠም። አደራ፣ ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው። ደርግ ሰፋሪውን የመዘገበበት ጥቁር ትልቅ ደብተር፣ መቶ ሃያ አዋቂ ስም ያለበት፣ እንዳለ ለአዲሱ ሊቀመንበር ተላለፈ። የሞተው አልተሰረዘም። የሄደው አልተሰረዘም። ከጅረቱ ማዶ የሚኖሩት ኑዌሮች ደግሞ፣ እኛ ሳንመጣ የነበሩት ሰዎች፣ አንዳቸውም አልተጻፉበትም።

ከማዶ ሰው የማውቀው ኮት የሚባለውን ሰው ቤት ነው። ኮት ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ስድስት የጠባሳ መስመር ያለው፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነበር። ልጁ ኛኪየር እኩያዬ ናት። ኛኪየርን ያለ ታናሽ ወንድሟ አይቻት አላውቅም። ቦት የሚባል ወፍራም ሕፃን ነው፤ ጎኗ ላይ ታቅፋው ትሮጣለች፣ ታቅፋው ትከራከራለች። ገመድ ስንጫወት እሷ ጫፉን መያዝ እንጂ መዝለል አትችልም። እኔ በቦት እበሽቅ ነበር፤ ጨዋታችንን ያበላሽብናል።

ያኔ ሁላችንም ውሃ የምንቀዳው ከባሮ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ሆዳችንን ሲቆርጠን "የባሮ ነው" ይባላል፣ ያልፋል። የማያልፍለትም አለ።

አባቴ ዘገየ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ኮሚቴው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሄደዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ይዞ ኢታንግ ተመላለሰ። እግሩ ቀጠነና በመጨረሻ አንድ ድርጅት የእጅ ፓምፕ ሊተክልልን ፈቀደ። ባለሙያው መጥቶ ምድሩን አየና ውሃው ሁለት ቦታ ጥሩ ነው አለ፤ አንዱ ጅረቱ ዳር ሾላው ሥር፣ አንዱ ከሊቀመንበሩ ከአስማረ ግቢ ጀርባ። የቱ ይሁን የሚለውን ሕዝቡ ይወስን ብሎ ሄደ።

በማግስቱ አባቴና ኮት ሾላው ሥር ችካል ተከሉ። አባቴ ያዘ፣ ኮት በድንጋይ መታ። ቀጥሎ ኮት ያዘ፣ አባቴ መታ። እኔና ኛኪየር ቦትን መሐላችን አስቀምጠን እናያለን።

"ሾላው ለሁለታችንም መሐል ነው" አለ አባቴ። "እናንተም ትቀዳላችሁ፣ እኛም እንቀዳለን።"

የኮት አማርኛ አጭር ነው። "ቃል አንድ ነው፣ ዘገየ" አለ። "ሁለት የለውም።"

"ሁለት የለውም" አለ አባቴ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አስማረ ቤታችን መጣ። ደጅ መደቡ ላይ ከአባቴ ጋር ተቀመጠ፤ እኔ ውስጥ ሆኜ የሽሮ አተር እየለቀምኩ እሰማለሁ።

"ወረዳው ስብሰባው ሃምሳ ሲደመር አንድ ካልሞላ አላጸድቅም ብሏል" አለ አስማረ። "ከየት ነው ሰው የማመጣው?"

"ሃምሳ አንድ ነው፣ ጋሼ" አልኩ ከውስጥ። ሂሳብ ያቃተው መስሎኝ ነበር።

አስማረ እስኪያስለው ሳቀ። "ይቺ ልጅ ከኮሚቴህ ሁሉ ትሻላለች" አለው አባቴን።

አባቴ አልሳቀም። "መዝገቡን አድሰው" አለ። "የሞተውን ሰርዝ፣ የማዶውን ሰው ጻፍ። ያኔ ይሞላልሃል።"

"የሞተውን ከሰረዝኩ የእርዳታ ስንዴው ይቀንሳል። የማዶውን ከጻፍኩ ደግሞ የዛሬ ዓመት ሊቀመንበሩ ከማዶ ነው።"

"ይሁና።"

"ይሁና ትላለህ? አንተ ሞኝ ነህ፣ ዘገየ" ብሎት ተነስቶ ሄደ። እኔ ግን "ከኮሚቴው ሁሉ ትሻላለች" ያለኝን ለኛኪየር፣ ለአስተማሪያችን፣ ለጎረቤት ሁሉ ስናገር ሰነበትኩ።

የስብሰባው ቀን ጠዋት አስማረ ትምህርት ቤት መጣ። አስተማሪያችን ጠመኔውን አስቀምጦ ወጣልን፤ የተነጋገሩ ናቸው። አስማረ ቁመናችንን እያየ አስራ ስምንት ልጆች መረጠና ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ከረሜላ ሰጠን። ዛሬ ትልቅ ሰው የምትሆኑበት ቀን ነው አለን። ወንዱ የአባቱን ጋቢ፣ ሴቷ የእናቷን ነጠላ ለብሳ እንድትመጣ፣ ስም ሲጠራ "አቤት" እንድንል፣ እጅ አውጡ ሲባል ደግሞ እሱን እንድናይ አስጠናን። "ኮፍያዬን ሳወልቅ ታወጣላችሁ። ካላወለቅኩ እጃችሁ ጉያችሁ ውስጥ ነው።" ለእያንዳንዳችን የምንመልስበትን ስም በጆሯችን ነገረን። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

"አንቺ ሂሳብ አዋቂዋ፣ ዛሬ በእናትሽ ቦታ ነው የምትቀመጪው።"

"የእናቴ ስም ይጠራል?"

"ይጠራል።"

"ሰው ሁሉ እየሰማ?"

"ሰው ሁሉ እየሰማ።"

"አባቴ አይቆጣም?"

"ምን ሲል ይቆጣል፣ ደስ ይለዋል እንጂ።"

ውሸታም። ዛሬም ድረስ ይህን ስጽፍ ጥርሴን እነክሳለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ስሟ በአደባባይ ሊጠራ ነው፤ ያለች ሰው ልትሆን ነው። አባቴ አስቀድሞ አዳራሽ ሄዷል። ሳጥኑን ከፍቼ ነጠላውን አወጣሁና ሁለት ጊዜ ተጠቅልዬበት ወጣሁ። ይጎተተኛል፣ እሰበስበዋለሁ፣ ይጎተተኛል። የሳሙና ሽታ ነበረው። የእሷ ሽታ ነው ብዬ እያሸተትኩት ሄድኩ፤ አባቴ ያጠበበት ሳሙና እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ በጥር ፀሐይ ያፍናል። በሩ ላይ ኮትን አገኘሁት። የሄደበት ሁሉ የሚይዛትን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ መሬት ላይ አድርጎ ውጭ ተቀምጧል። ታጣቂው "መዝገብ ላይ የለህም" ብሎ አላስገባው ብሎ ነው። እኔን ሲያየኝ ግራ ገባው። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ነኝና እንደ ትልቅ ሰው አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላም ብዬው ገባሁ። ኮት ከውጭ ቀርቶ እኔ መግባቴ የገረመኝ ነገር አልነበረም። መዝገብ ላይ ስለሌለ ነዋ።

ከወረዳ የመጣው ወጣት ሰውዬ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። አባቴ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ጀርባው ወደ እኛ። ልጆቹን በአዋቂዎች መሐል በታትነው አስቀመጡን። አግዳሚው ከፍ ያለ ስለነበር እግሬ መሬት አይነካም፣ አወዛውዘዋለሁ። የወረዳው ሰውዬ ሲያልፍ እግሬን አየው። በደንብ ነው ያየው፣ ቆሞ። እኔ ነጠላውን ሳብ አድርጌ ስሸፍነው ፈገግ አለና አለፈ። ጨዋታችንን የወደደልን መስሎኝ ነበር። ዛሬ ያ ፈገግታ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ያውቅ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያውቅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ እናቴን በእጇ የገነዘች ናት፤ ነጠላዬን አስተካከለችልኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማን አፉን ይክፈት? ስንዴው በአስማረ እጅ ነው፣ የይለፍ ደብዳቤው በአስማረ እጅ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እኔ አይቼዋለሁ።

ስም መጠራት ተጀመረ። የሄዱት ሲጠሩ ከወዲህም ከወዲያም የልጅ ድምፅ "አቤት" ይላል። አባቴ መጀመሪያ ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ ከሦስተኛው የልጅ ድምፅ በኋላ ቀና አለ። ቀጠለ ጥሪው።

"ወይዘሮ እሙዬ አድማሱ።"

"አቤት" አልኩ። እንደዚያ ጮክ እንደምል አላውቅም ነበር።

አባቴ ዞረ። ቀስ ብሎ ነው የዞረው፤ መጀመሪያ ነጠላውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። አፉ ተከፈተ። የሚናገር መስሎኝ ጠበቅኩ፤ "ጎበዝ" ሊለኝ ነው ብዬ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ አፉን ገጠመና ወደ ፊቱ ተመለሰ። ኮርቶብኛል አልኩ በልቤ። ደስታዬን አልችለው አልኩ።

"ሾላው ሥር ይሁን የምትሉ" አለ የወረዳው ሰውዬ።

አባቴ ቀድሞ እጁን አወጣ። ሳየው የእኔም እጅ ተነሳ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ ደረቴ ድረስ ወጥቶ ነበር። ወደ አስማረ ዞር ስል ኮፍያው ከራሱ አልወረደም። መለስኩት። ሃያ ሰባት ተብሎ ተቆጠረ።

"ከሊቀመንበሩ ግቢ ጀርባ ይሁን የምትሉ።"

አስማረ እንደሞቀው ሰው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አናፈሰበት። አስራ ስምንታችንም እኩል አወጣን። ከአዋቂ አስራ ስድስት ሰው ተጨመረብን። ሠላሳ አራት። በአንድ ላይ ስልሳ አንድ፤ ከመቶ ሃያው ስም ሃምሳ በመቶ ሲደመር አንድ ሞላ። የወረዳው ሰውዬ ጻፈና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

አውራ ጣቴን የያዘው አስማረ ራሱ ነው። ቀለሙ ላይ ጫን፣ ወረቀቱ ላይ ጫን። "አየሽ፣ የእናትሽ ቦታ ይቺ ናት" አለኝ። ተራ ቁጥር ሃምሳ ሰባት። ጣቴ ሰማያዊ ሆነ። እንዳይለቅብኝ ወደ ላይ ቀስሬ ወጣሁ።

አባቴ በር ላይ ክንዴን ያዘኝ። ኮት ከመቀመጫው ተነስቶ ነበር። "ምን አሉ፣ ዘገየ?" አለው። አባቴ ሳይመልስለት እየጎተተኝ አለፈ። ጓሮ ስንደርስ አመድና አሸዋ ዘግኖ ጣቴን ይፈትግ ጀመር። ምን አጠፋሁ እላለሁ፣ አይመልስም። ቆዳው ተላጠና ደሜ ከቀለሙ ጋር ተደባለቀ። ነጠላውን ገፎኝ አጠበው፣ አሰጣው፣ አጠፈው፣ ሳጥኑን ቆለፈው። ቁልፉን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቱ ላይ አሰረ። የእናቴን ስም በማስጠራቴ ቀናብኝ ብዬ ጠላሁት።

በሦስተኛው ቀን ኮት መጣ። በሩ ላይ አንድ እንጨት አስቀመጠና ተመለሰ። እንጨት ያመጣልን መስሎኝ፣ ደግ ሰው ነው ብዬ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። አባቴ ገብቶ ሲያይ እጁን ምድጃው ውስጥ ከተተና ከፍሙ መሐል አወጣው። ችካሉ ነበር። አንድ ጎኑ ከስሏል። የአባቴ መዳፍ ሁለት ሳምንት ቆስሎ ሰነበተ። ለአንድ ቁራጭ እንጨት እንዲህ የሚሆን ሰው እብድ ነው ብዬ ለኛኪየር ነገርኳት። ኛኪየር አልሳቀችም።

ፓምፑ ከአስማረ ጀርባ ተተከለ። ወዲያው ታጠረ፣ አጥሩ ከአስማረ ግቢ ጋር ተያያዘ፣ በር ወጣለት፣ ቁልፍ ወጣለት። መዝገብ ላይ ያለ ጠዋትና ማታ ይቀዳል፤ የሌለ አይቀዳም። የአስማረ ሽንኩርትና ቲማቲም ግን ቀኑን ሙሉ ይጠጣል፤ እሱም መዝገብ ላይ ይኖር ይሆናል። እኔ ንጹሕ ውሃ ጠጣሁ። አባቴ ከዚያ ፓምፕ አንድ ጣሳ አልጠጣም። ለእኔ ከፓምፑ እንድቀዳ ትቶኝ ለራሱ እንስራ ተሸክሞ ባሮ ይወርዳል። ወንድ ልጅ እንስራ ተሸክሞ ሲሄድ መንደሩ ይስቅበታል፣ እኔም በሐፍረት እደበቃለሁ።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ባሮ ደፈረሰ። አንድ ቀን ኛኪየር ጅረቱ ጋ መጣች። ቦትን አልያዘችም። ሁለት እጇ ባዶ ነው። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። የገመዱን አንዱን ጫፍ ሾላው ላይ አስረን አንዱን ያዝኩላትና ዘለለች። እንደዚያ የምትዘል መሆኗን አላውቅም ነበር፤ ረጅም ናት፣ እግሯ ከገመዱ በላይ ብዙ ይወጣል። "ሁሌ እንዲህ ብቻሽን ነይ" አልኳት። ቆመች። ከዚያ ሄደች፤ ከዚያ በኋላም ጅረቱን ተሻግራ አልመጣችም። ተኮራረፍን ብዬ እኔም ተውኳት።

ቦት ሰባት ቀን አስቀምጦት አስመልሶት ነው የሞተው። የነገረችኝ ራሷ ኛኪየር ናት፤ ዛሬ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ አስተርጓሚ ናት፣ ሁለታችንም ሠላሳ ካለፈን በኋላ ነው የተነጋገርነው። ያልኳትን አስታወስኳት። "ልጅ ነበርሽ" አለችኝ። "ፓምፑ ሾላው ሥር ቢሆን ኖሮ" ብዬ ስጀምር ተነስታ ሻይ ልታዝዝ ሄደች።

እንግዲህ እኔ አሁን ኢታንግ ወረዳ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። መስኮት አለኝ፣ ሰው ማስረጃ ይጠይቀኛል፣ ፈልጌ እሰጣለሁ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ሽማግሌ መጣ። ኮፍያ አድርጓል፣ ክላሴር ይዟል። ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር የሚኖር፣ ልጆቹ የደረሱለት፣ የተከበረ ሰው መሆኑን አስቀድሞ ነገረኝ። አላወቀኝም። እኔ ኮፍያውን ሳይ አውራ ጣቴ አሳከከኝ።

"ለቀድሞ የቀበሌ አመራሮች ምስክር ወረቀት ሊሰጥ ነው" አለኝ። "መንደር አርባ ውሃ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የሰማንያ ስድስቱን ቃለ ጉባኤ ፈልጊልኝ፣ ልጄ፤ እሱን ላያይዝ።"

ያስገባሁት እኔ ነኝ። የአባቴ ሁለት ዓመት እግር የት ገባ? ሰኞ ይምጡ አልኩት። በሩን ቆልፌ ፋይሉን ፈለግኩ፤ ሳጥን ውስጥ፣ ምስጥ ጥጉን የበላው። ስልሳ አንድ መስመር። ከአዋቂዎቹ አሻራ መሐል አስራ ስምንቱ ትንንሽ ናቸው። ሃምሳ ሰባተኛው ላይ የእናቴ ስም፣ አጠገቡ የእኔ ጣት። አሁን አውራ ጣቴን ላዩ ላይ አስቀምጬ አየሁት፤ ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ኮፒ አድርጌ ቅዳሜ ወደ መንደር ሄድኩ።

አባቴ ሰባ አልፎታል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረግኩለት። አያነብም፣ ግን አሻራውን አየ።

"ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"አንድ ቃል ነበር የሚበቃው" አለ። "'ሞታለች' ብል ስብሰባው ይፈርስ ነበር። አፌን ከፍቻለሁ፣ አይተሽኛል። ግን ያን ስም አራት ዓመት በልቤ ስጠራው የሚመልስልኝ አልነበረም። ያን ቀን ተጠራ፣ አንቺም 'አቤት' አልሽ፣ ያውም በነጠላዋ። ሞታለች ማለት አቃተኝ፣ አይኑዬ። እሱን እስክውጥ ቆጠሩ፣ አለቀ።"

"ጣቴንስ?"

"ጣትሽን አልነበረም። ምላሴን መፈተግ ስላልቻልኩ ነው።"

አሳዘነኝ፤ ግን ተናደድኩበትም፣ አልዋሽም። "ለቦት አንድ ቃል ነፈግከው" አልኩት።

"አዎ" አለ። "ኮት እስኪሞት ድረስ ዓይኔን ቀና አድርጌ አላየሁትም።" ከራስጌው እጁን ሰድዶ ያን ጎኑ የከሰለ ችካል አወጣ። "ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?"

ሰኞ አባቴ በባጃጅ መጥቶ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ ችካሉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። አስማረ በሦስት ሰዓት ደረሰ። ከኋላው ባለጉዳይ ተሰልፏል።

"አገኘሽው? ጎሽ። መነጽሬን ረስቻለሁ፣ እስቲ አንብቢልኝ።"

አነበብኩለት። አጀንዳ፣ የውሃ ቦታ መረጣ። ውሳኔ፣ በድምፅ ብልጫ። ራሱን እየነቀነቀ ሰማ።

"ስም ዝርዝሩን ተይው" አለ።

"ዋናው እሱ ነው" አልኩ። "ተራ ቁጥር ሃምሳ ሰባት። ወይዘሮ እሙዬ አድማሱ።"

"ሞታለች" አለ አባቴ ከአግዳሚው።

አስማረ ዞረ። ያየውን ለማወቅ ጊዜ ፈጀበት። "ዘገየ?"

"በሰማንያ ሁለት፣ ሐምሌ ላይ ሞታለች" አለ አባቴ። "ጻፊ።"

ጻፍኩ። ከማስረጃው ጋር የሚያያዝ ማስታወሻ ብዬ ከላይ አስምሬበት ነበር። አስማረ እኔንም አየኝ፣ ጣቴንም አየው። ኮፍያውን አወለቀ፤ አሁን እውነትም ሞቆት ነበር።

"ያኔ እኮ ለመንደሩ ብለን ነው" አለ። "ቁጥሩ ባይሞላ ፓምፑ ለሌላ መንደር ነበር የሚሄደው። ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ ማንሳት ምን ይጠቅማል?"

"ተራ ቁጥር ሃምሳ ዘጠኝ" አልኩ።

"ሄዷል" አለ አባቴ። "በሰማንያ ሦስት።"

አስራ ስምንቱንም ጠራሁ፤ አባቴ ለአንዱም አልተደናበረም። ከሰልፈኛው ቶሎ በይ ያለኝ የለም። ስጨርስ አባቴ ችካሉን ተመርኩዞ ተነሳና መስኮቱ ላይ ከአስማረ አጠገብ ቆመ።

"አንድ መዝገቡ ላይ ያልተጻፈ አለ" አለ። "እሱንም ጥሪ።"

"ቦት ኮት" አልኩ።

የመለሰ የለም። አባቴ አንገቱን ደፋ።

"ቦት ደግሞ ማነው?" አለ አስማረ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።